የፌንሲንግ ጫማ በድሬ ዋጋ

የእህቴ ልጅ ፌንሲንግ ጀምሯል። አዎ፣ ያ ነጭ ለብሰው፣ ፊታቸውን በሽቦ ጭንብል ሸፍነው፣ በቀጭን ሰይፍ የሚወጋጉበት ስፖርት። እዚሁ ድሬዳዋ። አሰልጣኙ ፈረንሳይ አድጎ የተመለሰ የጎረቤታችን ልጅ ነው። ጭንብሉንና ሰይፎቹን በሻንጣ ይዞ መጣና የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ያለማምዳቸዋል። ጃኬቱና ጓንቱ በተራ ይለበሳል። ጫማ ግን በተራ አይሆንም። የአንዱ እግር 39፣ የሌላው 43 ነው። ስለዚህ ጫማ የየቤቱ ዕዳ ሆነ። በእኛ ቤት ዕዳው ወደ እኔ ዞረ፤ ተማሪ ሳለሁ እጅ ኳስ ተጫዋች ስለነበርኩ ስለ ስፖርት ጫማ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ተብሎ ይታመናል። እኔም አላስተባበልኩም።

ለዚህ ስፖርት ተብሎ የሚሠራ ጫማ አለ። አዲዳስም፣ ናይኪም ይሠራሉ። ዋጋው ግን ከ100 ዶላር በላይ ነው። በዛሬው ምንዛሬ አባዙትና ራሳችሁ ተገረሙ። እያደገ ላለ እግር፣ ለዓመት እንኳ ለማይበቃ ቁጥር፣ ያን ያህል ብር አላወጣም። ባወጣም ድሬ ውስጥ አላገኘውም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፤ እዚህ ገበያ ላይ ካለው ውስጥ የትኛው ያገለግላል?

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። የመሮጫ ጫማ አትግዙ። የመረብ ኳስ፣ የእጅ ኳስ ወይም የባድሜንተን ጫማ ፈልጉ። አዲስ ፌክ ከምትገዙ ኦርጅናል ሰልባጅ ግዙ። ለምን እንደሆነ የሚቀጥለው ያስረዳል።

ገበያ ከመውጣቴ በፊት ልምምዱን ሄጄ አየሁ። የሚፋለሙበት መስመር ፒስት ይባላል። በደንቡ ርዝመቱ 14 ሜትር፣ ስፋቱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ነው። የእኛ ልጆች ሲሚንቶ ላይ በጠመኔ አስምረውታል፤ አዳራሹ ስለማይበቃ ትንሽ አጥሯል። ሰይፉን በቀኝ እጁ የሚይዝ ልጅ ቀኝ እግሩን ወደ ተጋጣሚው ያቀናል፣ ግራውን ወደ ጎን ያዞራል፣ ጉልበቱን አጥፎ ይቆማል። ከዚያ ወደፊትና ወደኋላ ነው፤ እየተቁነጠነጡ፣ በአጫጭር እርምጃ። ማጥቃት ሲፈልግ ለንጅ የሚሉትን ይሠራል። የፊተኛው እግር ወደፊት ይወረወርና በተረከዙ ያርፋል። የኋላው ደግሞ ተዘርግቶ፣ በአውራ ጣቱ በኩል ባለው ጎኑ መሬቱን እየፋቀ ይጎተታል።

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። ሁለቱ እግሮች የሚፈልጉት ጫማ አንድ ዓይነት አይደለም። የፊተኛው ተረከዙ ላይ ትራስ ይፈልጋል፤ ሲሚንቶ ላይ በሙሉ ክብደት እየወደቀ ነዋ። የኋላው የውስጥ ጎኑ ጠንካራ እንዲሆን ይፈልጋል፤ ያለዚያ ጨርቁ በወር ውስጥ ተበልቶ ያልቃል። ዋናው የፌንሲንግ ጫማ ይህን አስቦ የተሠራ ነው። ተረከዙ ከኋላ ክብ ነው፤ ሲያርፍ እንዲንከባለል። የውስጥ ጎኑ ላይ ደግሞ ጎማው ከሶሉ ወደ ላይ ወጥቶ ይሸፍነዋል። ይህን ሁለት ነገር ከሌላ ጫማ ላይ መፈለግ ነበር ሥራዬ።

አሁን የመሮጫውን ነገር ልጨርስ፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ነው። የሯጭ አገር ነንና ስፖርት ጫማ ሲባል የሚታየን ያ ወፍራም ስፖንጅ ነው። ትዕግሥት አሰፋ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ስትጨርስ ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር፤ 500 ዶላር ይሸጥ ነበር። ግሩም ጫማ ነው። ግን በቀጥታ ወደፊት ለመሮጥ የተሠራ ነው። ፌንሲንግ ውስጥ እግር በድንገት ይቆማል፣ ይመለሳል፣ በጎኑ ይገፋል። ከፍ ያለ ለስላሳ ስፖንጅ ላይ ቆሞ ይህን ማድረግ ቁርጭምጭሚትን መፈታተን ነው። ርካሹ የመሮጫ ጫማ ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ከፍታውን ይይዛል፣ ጥራቱን ይተዋል። ከልጆቹ አንዱ ከዚራ አካባቢ ከአንድ ሱቅ 3,200 ብር ተከፍሎበት እንዲህ ያለ ጫማ ተገዛለት። አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አረንጓዴ። ለንጅ በወጣ ቁጥር እግሩ ወደ ውጭ ሲጋደል ዓይኔ አይቷል። ብዙም ሳይቆይ ሶሉ ከፊት አፉን ከፈተ። እናትየው ይዛው ብትሄድ፣ «ለስፖርት ነው እንዴ ያደረገው?» አሏት። ስፖርት ጫማ ሸጠው!

ሳምባ የሚባለውን የአዲዳስ ጫማም ማንሳት አለብኝ። አሁን ከተማው በሙሉ ሳምባ ነው፤ ሙሽራውም፣ ባጃጅ ነጂውም ያደርገዋል። የአዲዳስ ሳምባ ሲጀመር በበረዶ በጠጠረ ሜዳ ላይ ለሚጫወቱ ኳስ ተጫዋቾች የታሰበ ነበር። ኦርጅናሉ ለፌንሲንግ መጥፎ አይደለም። ሶሉ ዝቅ ያለ የጎማ ሶል ነው፣ መሬት ይይዛል፣ እግር አይጋደልበትም። ጉድለቱ ተረከዙ ነው። ትራስ የለውም ማለት ይቻላል። ሲሚንቶ ላይ ለንጅ ሲደጋገም ተረከዝ ይመታል፤ ያ ሕመም ደግሞ ቶሎ አይለቅም። እኛ ገበያ ያለው አብዛኛው ኮፒ ስለሆነ ሌላም ችግር አለበት። ሶሉ ጎማ መስሎ ፕላስቲክ ነው። በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ጎማ ከሆነ ትንሽ ይሰረጉድና ይመለሳል። ፕላስቲክ ከሆነ ጥፍራችሁ ይንሸራተታል፤ ልጁም እንዲሁ ይንሸራተታል።

ወደ ታይዋን የሄድኩት ጠዋት ነው። ለማያውቅ ሰው፣ ታይዋን የድሬዳዋ ገበያ ነው፤ ከቴሌቪዥን እስከ ሽቶ፣ ከብርድ ልብስ እስከ ጫማ ይገኝበታል። ቀትር ላይ አትሂዱ። ሙቀቱ ያቃጥላል፣ ሻጩም ይዘጋል፣ ያልዘጋውም ጋደም ብሎ መልስ ለመስጠት ይሰንፋል። ወይ በጠዋት፣ ወይ ፀሐይ በረድ ካለች ከ10 ሰዓት በኋላ ነው።

የሰልባጅ ጫማ የሚሸጡት በረድፍ ተቀምጠዋል። እኔ የምመክረው መደብ ስም የለውም፤ ሰማያዊ ሸራ የተወጠረበት ነው። ሰማያዊ ሸራ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም፤ የስፖርት ጫማውን ለብቻ፣ የቆዳውን ለብቻ የለየውን ፈልጉ። ይህ መለየት ቀላል ነገር አይደለም። ሌሎቹ ጋ ክምሩ ውስጥ እጅ ከትቶ መዛቅ ነው። እሱ ጋ የኳሱ፣ የመሮጫው፣ የአዳራሹ ጫማ በየረድፉ ነው። ታጥበዋል፣ ክራቸው ታስሯል።

«እህቴ፣ ለምን ስፖርት ነው?» አለኝ።

«ለሰይፍ።»

«ለምን?»

«ለሰይፍ። ለመወጋጋት።»

«አቦ! ማንን ልትወጉ ነው?» ብሎ ጎረቤቶቹን ጠራ። ተሳሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ ለንጁን አሳየሁት፤ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ፣ እዚያው መደቡ ፊት። ሰውየው ሳቁን አቆመ። እግሬን አየ። «ታዲያ መረብ ኳስ በይኛ!» አለና ከኋላ አንድ ጫማ አወጣ። ይህን ነው የወደድኩለት። የሚሸጠውን ያውቃል።

ያወጣው አሲክስ ጄል ሮኬት ነው። የመረብ ኳስና የአዳራሽ ስፖርት ጫማ ነው፤ በውጭ አገርም ፌንሲንግ ጀማሪዎች ለፌንሲንግ የተሠራውን መግዛት ሲከብዳቸው እንዲህ ያለውን የአዳራሽ ጫማ ነው የሚያደርጉት። ነጭ ከሰማያዊ ጋር ነው። ነጩ ወደ ክሬም ሄዷል። ሶሉ ካራሜላ የመሰለ ቡናማ ጎማ ነው። እጄ ላይ ገልብጬ ሳየው ከአውራ ጣቱ ሥር ብቻ ትንሽ ተበልቷል፤ የተረከዙ ጥርስ ሙሉ ነው።

ከዚያ ምርመራዬን ጀመርኩ። ሻጩ አልተቆጣም፤ ሌላው ቢሆን ጫማውን ከእጄ ይነጥቀኝ ነበር። ተረከዙንና አፍንጫውን ይዤ እንደ እርጥብ ልብስ ጠመዘዝኩት። እንቢ አለ፤ ጥሩ ነው። እሺ ብሎ የሚጠመዘዝ ጫማ እግርንም ያጣምማል። ቀጥሎ አጠፍኩት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ነው። መሀሉ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ መልሱት። ከኋላ ተረከዙን የሚያቅፈውን ክፍል በሁለት ጣት ጨመቅኩት። ጠንካራ ነው። ውስጡን ነካሁ፤ ገበሩ ተረከዙ ጋ አልተቀደደም። ሰልባጅ ላይ መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ግን የስፖንጁ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አንዳንድ ጫማ ምንም ሳይደረግ ያረጃል። ሶሉ እንደ አዲስ፣ ቆዳው እንደ አዲስ፣ መለያ ወረቀቱም ያልተነቀለ ሊሆን ይችላል። ግን መጋዘን ውስጥ ዓመታት ከርሟል። በላይኛው ጨርቅና በታችኛው ጎማ መሀል ያለው ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን ከተባለው ነገር የተሠራ ከሆነ፣ ከአየር የሚገባው እርጥበት ቀስ እያለ ያፈርሰዋል። ሙቀት ያፋጥነዋል። ጫማው ተቀምጦም ቢሆን ይፈርሳል፤ እንዲያውም ሳይደረግ መቀመጡ አያድነውም። ከዚያ አንድ ቀን ልጁ ይዘላል፣ ሶሉ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ መሬት ላይ ይበተናል። ከልጆቹ በአንዷ ላይ ይህ ደርሷል፤ «ያልተነካ ኦርጅናል» ተብሎ የተሸጠላት ነበር። ኢቪኤ የሚባለው ሌላው የስፖንጅ ዓይነት እንዲህ አይፈርስም፤ ይደድራል፣ ይሳሳል እንጂ። ገበያ ላይ ሁለቱን በዓይን መለየት ከባድ ነው። ስለዚህ በአውራ ጣታችሁ ጎኑን አጥብቃችሁ ጫኑ። የሚሰነጠቅ፣ የሚጣበቅ፣ ወይም ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ በነፃ ቢሰጧችሁም ተዉት። የእኔው ተጭኖ ተመለሰ።

ቁጥሩን በአውሮፓው አትመኑ። አንዱ 41 ያለውን ሌላው 42 ይለዋል። የጫማው ምላስ ውስጥ የተሰፋውን ጨርቅ አንብቡ፤ ሴንቲሜትር ተጽፎበታል። ከቤት ስወጣ የልጁን እግር ወረቀት ላይ አስቆሜ ከተረከዙ እስከ ረጅሙ ጣቱ ለክቼ ነበር። ማታ ነው የለካሁት፤ በድሬ ሙቀት እግር ማታ ያብጣል፣ ልምምዳቸውም ማታ ነው። 25.3 ሆነ። ጫማው 26 ይላል። ለፌንሲንግ ከዚህ የበለጠ ሰፊ አያስፈልግም፤ እግር ውስጡ ከተንሸራተተ ጥፍር ይጠቁራል። «ያድግበታል» ብላችሁ ሁለት ቁጥር አትጨምሩ። ይህ የእናቶቻችን ዘዴ ለትምህርት ቤት ጫማ ነው የሚሆነው።

ሁለቱንም እግር ለዩና አንብቡ። ሰልባጅ ውስጥ ቀኙ 26፣ ግራው 26.5 የሆነ ጥንድ ያጋጥማል። መደቡ ላይ የሚሰቀለው አንዱ እግር ብቻ ነው፤ ሌላውን «አምጣ» ማለት የእናንተ ፋንታ ነው።

ዋጋ። 2,800 ብር አለ። 1,500 አልኩ። ደረቱን ያዘ። «አቦ፣ ይሄ እኮ አንድ ልጅ ያደርሳል!» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ግን ሳቅኩና 1,800 አልኩ። ለመሄድ ዞርኩ። ጠራኝ። 2,000 ላይ ተስማማን፤ አሮጌ ግን ንጹሕ የእግር ኳስ ካልሲ መረቀልኝ። ካልሲው በከንቱ አልሆነም። በፌንሲንግ ደንብ ካልሲ እስከ ጉልበት መድረስ አለበት፤ የእግር ኳሱ ልክ ይሆናል።

አሁን ስለ ማስቲሽ። ጫማው ኦርጅናል ይሁን ፌክ፣ የድሬ ፀሐይ ለማስቲሽ አያዝንም። መስኮት ላይ የተሰጣ፣ ባጃጅ ኮፈን ላይ የተረሳ ጫማ አፉን ይከፍታል። ስለዚህ እስኪከፈት አልጠበቅኩም። ከገበያው በቀጥታ ሰፈራችን ወዳለው ጫማ ሰፊ ወሰድኩት። ሶሉን ዙሪያውን በናይለን ክር ሰፋው። 150 ብር። ክሩ ጎማው ላይ ባለው ጎድጓዳ መስመር ውስጥ እንዲገባ ንገሩት፤ ወደ ታች ከወጣ መሬቱ ይበላዋል። ግራው ላይ ሌላም ነገር አሠራሁ። የውስጥ ጎኑ ላይ፣ ከአውራ ጣቱ ጀምሮ እስከ መሀል እግሩ፣ ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተቆረጠ ቁራጭ ለጠፈና ሰፋው። የፌንሲንግ ጫማ ፋብሪካዎች የሚያደርጉት ያንኑ ነው። የእኛው ሰውዬ 100 ብር ጠየቀበት። መልኩ አያምርም። ልጁ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር፤ አሰልጣኙ አይቶ «ይሄን ማን ሠራው?» ብሎ ሲደነቅ ግን ጫማውን ማሳየት ጀመረ።

አሁን ወራት አልፈዋል። ያየሁትን ልናገር። የቀኙ ተረከዝ እንዳለ ነው። ልጁ ተረከዜን አመመኝ ብሎ አያውቅም። ላስቲኩ የተለጠፈበት ግራ ጎን ተፍቋል፤ የተፈቀው ግን ላስቲኩ ነው። ሥሩ ያለው ጨርቅ አልተነካም። ላስቲኩን አንዴ አስቀይሬዋለሁ። መያዙ ጥሩ ነው፤ ሲቆም ሲጥ ይላል። ወለሉ አቧራ ሲኖረው ግን ማንኛውም ጎማ ያንሸራትታል፤ ድሬ ደግሞ አቧራ አይጠፋትም። በር ላይ እርጥብ ጨርቅ አስቀምጠው ሶላቸውን ይጠርጉበታል። መፍትሔው ይኸው ነው። ጫማውን ውጪ እንዳያደርገው ከልክዬዋለሁ፤ በቦርሳ ይወስደዋል፣ በሸበጥ ይሄዳል። ኮብልስቶን ላይ በወጣ ማግስት ያ ለስላሳ ጎማ ያልቃል።

የማልወድለትም አለ። የጫማው ፊት ጠባብ ነው። እግሩ ሰፊ የሆነን ልጅ ትንሿን ጣቱን ይፍቀዋል። እንዲህ ላለው የእጅ ኳስ ጫማ ይሻላል፤ አዲዳስ ስታቢል የሚለውን ካገኛችሁ አትልፉት፣ ከበድ ይላል ግን ጎኑ አይነቃነቅም። ሃይቴክ ስኳሽ የሚባለው ጫማም አንዳንዴ ብቅ ይላል። ቀላል፣ ዝቅ ያለ፣ የጎማ ሶል ያለው አሮጌ ወዳጅ ነው፤ በውጭ አገር ፌንሲንግ ተጫዋቾች ለዓመታት ሲያደርጉት ኖረዋል። የፉትሳል፣ ማለትም የአዳራሽ እግር ኳስ ጫማ ሦስተኛ ምርጫዬ ነው። ሶሉ ጥሩ ነው፣ ተረከዙ ግን እንደ ሳምባው ደረቅ ነው። ከገዛችሁት የውስጥ ሶሉን አንሱና ከሥሩ፣ ተረከዙ ላይ ብቻ፣ ቀጭን ጠንካራ ስፖንጅ ቁረጡለት። ጥርስ ያለውን የሜዳ ጫማማ አታስቡት።

ለትንንሾቹ፣ ከ36 በታች ለሚያደርጉት፣ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም። ክብደታቸው ትንሽ ነው፤ ለንጃቸውም ገና አጭር ነው። የሸራ ጫማ ከስፖንጅ ቁራጭ ጋር ይበቃቸዋል። እግራቸው በየጊዜው ያድጋል፤ ብሩን ለኋላ አቆዩት።

ስለ መደቡ ደግሞ። መቀመጫ የለውም። ሲሞክሩ በአንድ እግር መቆም ነው፣ ወይም ሻጩን ትከሻውን መደገፍ። ደረሰኝ የለም። መመለስ የለም፤ መቀየር ግን በዚያው ሳምንት ከሆነ እሺ ይላል፣ ለጎረቤቴ ቀይሮላታል። የሴት ልጅ ቁጥር ያጥረዋል። ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይጀምራል፤ ከጠራው ላይ ሲሶውን ያህል ማውረድ ይቻላል። ከዚያ በታች ከጎተታችሁት ያኮርፋል፤ ካኮረፈ ደግሞ ለዚያ ቀን አበቃ፣ ሌላ ቀን ኑ። አዲስ ቦንዳ በሚፈታበት ቀን ማለዳ የደረሰ ጥሩ ጥሩውን ይወስዳል። መቼ እንደሚፈታ ጠይቁት፣ ይነግራችኋል። ስትሄዱ «ለሰይፍ» በሉት። አሁን የትኛውን እንደሚያወጣ ያውቃል።